የብቸኛ ሠራተኞች ማኅበር

ከመሐል አዲስ አበባ ተነሥቶ በምዕራብ በኩል ወደ ቡራዩና ወደ ሆለታ የሚያመራ መንገደኛ አስኮን አቋርጦ ያልፋል። አስኮ ስሙ ከጫማ ሥራ ጋር ተያይዞ የኖረ የሠራተኛ ሰፈር ነው። የፋብሪካ ጫማ በአንድ ሰው እጅ አይሠራም፤ አንዱ ቆዳውን ይቆርጣል፣ ሌላው ይሰፋል፣ ሌላው ሶሉን ያጣብቃል። ጎን ለጎን ቆመው የሚውሉ ሰዎች ችግራቸውም ጎን ለጎን ስለሚታይ የፋብሪካ ሠራተኛ መደራጀት ያለበት ለምን እንደሆነ ብዙ ማብራሪያ አይጠይቅም። ደራሲ ግን ብቻውን ይቀመጣል፤ ብቻውን ይጽፋል፤ የጻፈውንም ብቻውን ይሰርዛል። ታዲያ ይህን ብቸኛ ሠራተኛ ወደ ማኅበር ያመጣው ምንድን ነው?

ጥያቄው ይበልጥ የሚያስገርመው የታሪኩ ቅደም ተከተል ሲታይ ነው። የኢትዮጵያ የሠራተኛ ማኅበራት በአንድ አገር አቀፍ ድርጅት ጥላ ሥር የተሰባሰቡት በ1955 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበር ግን የተመሠረተው ከዚያ 3 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1952 ዓ.ም. ነበር።

ከዚያ በፊት የነበረው የደራሲ ኑሮ ምን ይመስል እንደነበር መመልከት ያሻል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ በ1900 ዓ.ም. ያሳተመው ሮም ላይ ነው። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህም ቢሆን መጽሐፍ ለማሳተም የቤተ መንግሥት ሞገስ ወይም የራስ ሀብት ያስፈልግ ነበር። ከታወቁት ደራስያን አብዛኞቹ የመንግሥት ባለሥልጣናት ነበሩ፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ሐዲስ ዓለማየሁ ዲፕሎማት። ብዕራቸው የተከበረ መሆኑ አያጠያይቅም፤ እንጀራቸው ግን ከብዕራቸው አይመጣም ነበር። ስለዚህ ድርሰት እንደ ጸጋ እንጂ እንደ ሙያ አልተቆጠረም። ጸጋ ያለው ሰው ይመሰገናል፤ ሙያ ያለው ሰው ግን ምስጋና ብቻ ሳይሆን ዋጋም ይገባዋል።

1952 ዓ.ም. በዚህ ረገድ ድርብ ትርጉም ያለው ዓመት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ የታወጀው በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን ነበር። ሕጉ ደራሲ በድርሰቱ ላይ ያለው መብት ድርሰቱን በመፍጠሩ ብቻ የሚገኝ መሆኑን ደነገገ፤ ስለ አሳታሚና ስለ ደራሲ ውልም አንቀጾች አስቀመጠ። እንግዲህ መብቱና ማኅበሩ በአንድ ዓመት ተወለዱ ማለት ነው። ሁለቱ መንትዮች አንዱ ያለ ሌላው አይቆሙም። በወረቀት ላይ የሰፈረ መብት የሚያስከብረው ክንድ ከሌለው ወረቀት ሆኖ ይቀራል፤ ለጠበቃ የሚከፍለው የሌለው አንድ ደራሲ ደግሞ ከአሳታሚ፣ ከነጋዴና ከማተሚያ ቤት ጋር ብቻውን ቢሟገት ክንዱ እስከምን ድረስ ይዘልቃል?

ይህ ችግር የኢትዮጵያ ደራሲ ብቻ ችግር አልነበረም። በፈረንሳይ አገር የቲያትር ጸሐፊው ቦማርሼ እ.ኤ.አ. በ1777 ዓ.ም. የሙያ ባልደረቦቹን የሰበሰበው የታላቁ ቲያትር ቤት ተዋንያን የጸሐፊዎቹን ድርሻ በወጉ አልከፍል በማለታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1838 ዓ.ም. ደግሞ ባልዛክና ቪክቶር ሁጎ የነበሩበት የደራስያን ማኅበር ተቋቋመ፤ ምክንያቱም ጋዜጦች ልብ ወለዶችን እየቀዱ ያለ ፈቃድና ያለ ክፍያ ያወጡ ነበር። የደራስያንን መብት ከድንበር ባሻገር ለማስከበር እ.ኤ.አ. በ1886 ዓ.ም. በበርን የተፈረመው ስምምነትም የተወለደው ከዚህ የማኅበራት ትግል ነው። ሁጎን የመሰለ ስመ ጥር ደራሲ ማኅበር ያስፈለገው ከሆነ፣ የመጀመሪያ መጽሐፉን በብብቱ ይዞ የሚዞረው ጀማሪ ምን ያህል ያስፈልገው!

የማኅበር ጥቅም ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። ዕድርና ዕቁብ ያለው ሕዝብ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲል ኖሯል። የደራስያን ማኅበርም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ጀማሪው ረቂቁን ከማሳተሙ በፊት የሚያነብለትና እውነቱን የሚነግረው ባልደረባ ያገኛል፤ ውል ከመፈረሙ በፊት የሚያማክረው ያገኛል፤ ሲታመም የሚጠይቀው፣ ሲሞት ስሙን የሚያስታውስለት ያገኛል። የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበር በ«ብሌን» መጽሔቱ ለአባላቱ የጽሑፍ መድረክ ሲከፍት ያደረገው አንዱን ብእር ከሌላው ብእር ጋር ማስተዋወቅ ነው።

ሸክሙን ለብቻው የተሸከመ ደራሲ ምን እንደሚገጥመው የአቤ ጉበኛ ሕይወት ይመሰክራል። አቤ በብዕሩ ብቻ ለመኖር ከቆረጡት ጥቂት ኢትዮጵያውያን አንዱ ነበር። በ1955 ዓ.ም. ያወጣው «አልወለድም» ታገደ፤ ደራሲውም ግዞትን ቀመሰ። ደራሲ ሲደፍር ድፍረቱ የግሉ ነው፤ ማንም ሊጋራው አይችልም። የድፍረቱን ዋጋ ግን እርሱና ቤተሰቡ ብቻቸውን እንዲከፍሉት መተው የሙያው ሁሉ ዕዳ ነው።

ይሁን እንጂ ማኅበር ሁሉ ጥላ ነው ማለት አይቻልም። በሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1934 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ጉባኤ ያካሄደው የደራስያን ኅብረት ለአባላቱ መኖሪያ ቤት፣ ማረፊያና ሕክምና አሟልቷል፤ ኅትመትንም አመቻችቷል። ያው ኅብረት አና አኽማቶቫንና ሚኻኢል ዞሽቼንኮን እ.ኤ.አ. በ1946 ዓ.ም.፣ ቦሪስ ፓስተርናክን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1958 ዓ.ም. ከአባልነት አባሯል። እንጀራን የሚሰጥ እጅ አፍንም ሊዘጋ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ያ ምሳሌ በኢትዮጵያም ጥላውን አጥልቷል። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ኪነጥበብ ለሰፊው ሕዝብ ይደርስ ዘንድ ብዙ ተሠርቷል፤ በየቀበሌውና በየፋብሪካው የኪነት ቡድን ተቋቁሟል፤ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት መጽሐፍን በብዛት አሳትሟል። በዚያው ዘመን ግን ራሱ ኩራዝ በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። አስቀድሞ «ደራሲው» በሚለው መጽሐፉ የአንድን ጸሐፊ ውጣ ውረድ የተረከው ሰው የራሱ መጨረሻ ሳይታወቅ ቀረ። የአሳታሚው መኖር፣ የሥልጣን ወንበርና የአንባቢ ፍቅር ተደማምረው አንድን ደራሲ አላዳኑትም።

በመሆኑም ማኅበር የሚመዘነው ለአባላቱ በሚያድለው ጥቅም ብዛት ብቻ አይደለም፤ ማኅበሩ የማን ነው በሚለው ጥያቄም ጭምር ነው። ከላይ ለተሾመ ሰው የሚያገለግል ማኅበር በደህና ቀን ግብዣ ያዘጋጃል፤ በክፉ ቀን በሩን ይዘጋል። አባላቱ በመዋጯቸው ያቆሙት፣ መሪውን የሚመርጡትና የሚሽሩት ማኅበር ግን በክፉ ቀን ሊጠየቅ ይችላል።

ከዚያ ወዲህ የሕጉ ገጽ ተለውጧል። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ አዋጅ ቅድመ ምርመራን አስቀረ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 ከለከለው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት አስከበረለት። አዋጁን ያሻሻለው የ2007 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 872 ደግሞ የመብት ባለቤቶች በጋራ ማኅበር አማካይነት የሮያሊቲ ክፍያቸውን ስለሚያስከብሩበት መንገድ ደነገገ። በ1952 ዓ.ም. ተለያይተው የተወለዱት መብትና ማኅበር በዚህ ሕግ ተገናኙ ማለት ይቻላል። የተገናኙት ግን በወረቀት ነው፤ ሕጉ ማኅበር ለሚያቋቁሙ ሰዎች በሩን ይከፍታል እንጂ እጃቸውን ይዞ አያስገባቸውም።

እንግዲህ ዛሬ ከአስኮ ተነሥቶ ረቂቁን በፌስታል ጠቅልሎ ወደ መሐል ከተማ የሚወርድ ወጣት ጸሐፊ ቢኖር፣ ብቻውን እንዳይመስለው። በሰፈሩ ጫማ የሚሠሩት ሰዎች አንድ ጥንድ ጫማ የብዙ እጆች ሥራ መሆኑን ያውቃሉ። መጽሐፍም እንዲሁ ነው፤ ቃሉን የሚጽፈው አንድ ሰው ነው፤ ቃሉ እንዳይሰረቅ፣ እንዳይታፈንና እንዳይረሳ የሚያደርጉት ግን ብዙዎች ናቸው። ወደ ማኅበሩ ሲገባም ሁለት ነገር ይዞ ይግባ፤ መዋጮውንና ድምፁን። መዋጮው ማኅበሩን ያቆመዋል፤ ድምፁ ደግሞ ማኅበሩ የእርሱ ሆኖ እንዲቀር ያደርገዋል።