ከናይሮቢ ወደ ጠፈር፤ ረጅሙ የተራ ጥበቃ

መጋቢት 24 ቀን 2010 ዓ.ም. የሰሙነ ሕማማት ሰኞ ነበር። ዶክተር ዐቢይ አሕመድ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቃለ መሐላ ፈጽመው ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑበት ዕለት ስለሆነ፣ እዚህ ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ የምንኖር ሐበሾች ቀኑን ሙሉ ከቴሌቪዥን አልተለየንም። ለኬንያውያኑ ጎረቤቶቻችን ደግሞ የፋሲካ ማግስት የዕረፍት ቀን ነበር። ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ሲሆን ፍሎሪዳ ውስጥ ከኬፕ ካናቬራል አንድ ፋልከን 9 ሮኬት ተነሣ። ድራገን የተባለው የጭነት መንኮራኩሩ ለዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ምግብ፣ መለዋወጫና የምርምር ዕቃ ይዟል፤ የጭነቱ ክብደት በጠቅላላ 2,647 ኪሎ ግራም ነው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ኪሎ ከጥቂት የምትመዝነው፣ በሁሉም ጎኗ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነችው ሳጥን የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ንብረት ነበረች። ስሟ 1ኩንስ-ፒኤፍ ይባላል። የኬንያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ናት።

ዩኒቨርሲቲው ለፓርክላንድስ የቅርብ ጎረቤት ነው። የሕግ ትምህርት ቤቱ እዚሁ ሠፈር ውስጥ ነው፤ ቺሮሞ ካምፓስ ቅርብ ነው፤ በሙዚየም ሂል ቁልቁል የወረደ ሰው ዋናው ግቢ ይደርሳል። ከጥንት የሕንድ ተወላጆች በበዙበት፣ ዳይመንድ ፕላዛ በሚደምቅበት፣ የሲቲ ፓርክ ጦጣዎች አጥር ዘለው በሚገቡበት በዚህ ሠፈር ተማሪ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። እናም የዚያችን ሳጥን ወሬ ከጋዜጣ በፊት ከተማሪዎቹ አፍ የሰማን ብዙ ነን። ከወሬው ሁሉ የማልረሳው ግን ስለ መምጠቋ የተወራውን አይደለም፤ ስለ መጠበቋ የተወራውን ነው።

ነገሩ የተጀመረው በሐምሌ 2008 መጨረሻ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሕዋ ጉዳዮች ቢሮና የጃፓን የጠፈር ድርጅት፣ በማደግ ላይ ያሉ አገሮች ትንንሽ ሳተላይቶቻቸውን ከጠፈር ጣቢያው ኪቦ ክፍል በነጻ እንዲለቁ ኪቦኪዩብ የሚባል ዕድል ከፍተው ነበር። በመጀመሪያው ዙር የተመረጠው በፕሮፌሰር ጃክሰን ምዋንጊ ምቡትያ የሚመራው የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ሆነ። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ነሐሴ 26 ቀን፣ ኋላ ሳጥኗ በምትነሣበት በዚያው የኬፕ ካናቬራል ማምጠቂያ፣ ለሙከራ ነዳጅ በመሙላት ላይ የነበረ ፋልከን 9 ከነጭነቱ ፈነዳ። ጭነቱ አሞስ 6 የተባለ ሳተላይት ሲሆን፣ ፌስቡክ ለአፍሪካ ኢንተርኔት ሊያዳርስበት ተከራይቶት ነበር። የፌስቡኩ ማርክ ዙከርበርግ ደግሞ በዚያው ሰሞን ናይሮቢ ነበር፤ መርዶው እዚህ ከተማ ደረሰው።

ማምጠቂያው ተጠግኖ ሮኬት እስኪነሣበት ድረስ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀ። የመጀመሪያው በረራ ታኅሣሥ 6 ቀን 2010 የተላከ ሌላ የጭነት ሮኬት ነው። ከዚያ በፊትም ሰኔ 21 ቀን 2007 ወደ ጣቢያው ስንቅ ይዞ የወጣ ፋልከን 9 ሁለት ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ በርሮ ውቅያኖሱ ላይ ተበታትኖ ነበር። እንግዲህ የናይሮቢ መሐንዲሶች ከሮም ሳፒየንዛ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር ገመድ ሲበይዱና ካሜራ ሲፈትሹ፣ ሳጥናቸውን የሚጭነው ሮኬት መቼ እንደሚነሣ የሚወሰነው እነሱ በሌሉበት ነበር።

በዚህ መካከል የሚሠራው ሥራ ጥቂት እንዳይመስለን። ሳተላይቷ የምትገባው ሰው በሚኖርበት ቤት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ባትሪዋ እሳት እንደማያስነሣ፣ ጠርዟ የጠፈርተኛ ጓንት እንደማይቀድ፣ ከውስጧ የሚተን መርዝ እንደሌለ አንድ በአንድ መረጋገጥ አለበት። በሮኬቱ ንዝረት ብሎኗ እንዳይፈታ በሚነቀንቅ ጠረጴዛ ላይ ታስራ ትፈተሻለች። አንቴናዋ ታጥፎ ይታሰራል፤ ከመያዣዋ እስክትወጣ ድረስ ማብሪያዋ ተጭኖ ኤሌክትሪክ እንዳያልፍባት ይደረጋል፤ ከወጣች በኋላም ለጣቢያው ደኅንነት ሲባል ግማሽ ሰዓት ዝም ማለት ግዴታዋ ነው። ጥር 2010 ለጃፓኖቹ ተሰጥታ ከታሸገች በኋላ አንዲት ሽቦ እንኳ ማስተካከል አይቻልም። ከዚያ ወዲያ ለሠሪዎቿ የቀራቸው ሥራ መጠበቅ ብቻ ነው።

የጭነት ሮኬት ቀን ለምን ቶሎ ቶሎ ይለወጣል? ዋናው ምክንያት ጣቢያው ቆሞ የሚጠብቅ ባለመሆኑ ነው። ከምድር 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ምድርን በ90 ደቂቃ ገደማ አንድ ጊዜ ይዞራል። ሮኬቱ መነሣት ያለበት ምድር ስትሽከረከር ማምጠቂያውን ከጣቢያው ምሕዋር ሥር በምታመጣበት ቅጽበት ነው። ከሚሄድ ታክሲ ላይ ዘሎ እንደሚሳፈር ወያላ፣ ጊዜዋን ማወቅ አለበት። ያቺ ቅጽበት በነፋስ፣ በመብረቅ ሥጋት ወይም በአንዲት ቫልቭ ምክንያት ካለፈች የዚያን ቀን ሁለተኛ ዕድል የለም። በተለዋጩ ቀን ደግሞ ጣቢያው ላይ ሌላ መንኮራኩር የሚደርስበት ወይም ጠፈርተኞች ለጥገና ወደ ውጭ የሚወጡበት ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ሳምንታት ይቆጠራሉ። በሮኬቱ የሚሄደው ሕያው የምርምር ናሙናም ከመነሣቱ ጥቂት ሰዓት በፊት ስለሚጫን፣ በረራው ከተሰረዘ ወርዶ በአዲስ ይተካል።

ያን የሰኞ ምሽት ግን ሁሉም ነገር ሠመረ። ረቡዕ መጋቢት 26 ጃፓናዊው ጠፈርተኛ ኖሪሺጌ ካናይ በጣቢያው ሜካኒካዊ ክንድ ድራገንን ያዘ። ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ዓርብ ግንቦት 3 ቀን ከቀትር በኋላ፣ ተማሪዎችና መምህራን ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ተሰብስበው በቀጥታ ሥርጭት ሲመለከቱ፣ ሳጥኗ ከኮስታሪካና ከቱርክ እኅቶቿ ጋር ተወርውራ ወጣች። ሁለት ዓመት ያህል ዞራ ከባቢ አየር ውስጥ ተቃጥላ አለቀች።

ኬንያ ሮኬት ስትጠብቅ ግን ያ የመጀመሪያዋ አልነበረም። ታኅሣሥ 3 ቀን 1963 ዓ.ም.፣ እኛ በአታ ለማርያምን ስናከብር፣ ኬንያ ሰባተኛ የነጻነት በዓሏን ታከብር ነበር። በዚያ ዕለት ከማሊንዲ ሰሜን፣ ንጎሜኒ ፊት ለፊት፣ የሕንድ ውቅያኖስ ላይ እግሩን ተክሎ የቆመው ሳን ማርኮ የሚባል የብረት መድረክ ስካውት ሮኬት ተሸክሞ ነበር። መድረኩን ያቋቋሙት የሳፒየንዛው ፕሮፌሰር ሉዊጂ ብሮሊዮ ናቸው። ቦታው የተመረጠው በምክንያት ነው፤ ምድር ወገብ ላይ ምድር ራሷ ወደ ምሥራቅ በሰከንድ 465 ሜትር ያህል ስለምትሽከረከር ለሮኬቱ ግፊት ታበድረዋለች፤ የሚወድቁት የሮኬት ክፍሎችም ባሕር እንጂ ሰው ላይ አያርፉም። መቆጣጠሪያው ሳንታ ሪታ በሚባል ሌላ መድረክ ላይ ሆኖ በባሕር ሥር ኬብል ከሳን ማርኮ ጋር ተገናኝቷል።

ቆጠራው ሌሊቱን ሲጓተት አደረ። ጸሐይ ወጣች፤ ሙቀቱና የባሕሩ እርጥበት በረታ፤ ሮኬቱ ጫፍ ላይ የተቀመጡት ስስ መሣሪያዎች ይጎዱ ይሆን የሚል ሥጋት ገባ። እዚያ ከጠበቁት መካከል የናሳ ፕሮጀክት ኃላፊዋ ማርጆሪ ታውንሴንድና የፊዚክስ ሊቁ ሪካርዶ ጃኮኒ ነበሩ። ሮኬቱ የተነሣው ከቀኑ 7 ሰዓት ከ53 ደቂቃ ነው። ሳተላይቷ የዕለቱን በዓል አስመልክቶ ኡሁሩ፣ ማለትም ነጻነት ተባለች። ኤክስሬይ የሚረጩ የሰማይ አካላትን ብቻ ለመፈለግ የተላከች የመጀመሪያዋ ሳተላይት ናት፤ 339 መዝግባለች። ጥቁር ጉድጓድ የሚባለው ነገር በእውን መኖሩን ሳይንስ እንዲቀበል ካደረጉት መረጃዎች ዋነኞቹ የእሷ ናቸው። ጃኮኒም በፈረንጆች 2002 ኖቤል ተሸለሙ።

ሳተላይቷ የአሜሪካ፣ መድረኩ የጣልያን፣ ባሕሩ የኬንያ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ተገላቢጦሽ ሆነ፤ ሳተላይቷ የኬንያ፣ ሮኬቱና ማምጠቂያው የሌላ። ከሁለቱ የኋለኛው ይበልጣል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም በመጠበቁ ውስጥ ሙያ የተማሩት የናይሮቢ ልጆች ናቸው። እኛም ዕጣችን ተመሳሳይ ነበር። 72 ኪሎ ግራም የምትመዝነው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን በመስከረም 2012 ገደማ ትመጥቃለች ተብሎ ተነግሮ፣ በመጨረሻ ከቻይናው ታይዩዋን የተነሣችው ታኅሣሥ 10 ቀን ንጋት ላይ ነው። እንጦጦ ላይ በዚያ ብርድ ሌሊት ወጥተው ሥርጭቱን የጠበቁ ሁሉ ከኬፕ ካናቬራል የሚጠባበቁትን ናይሮቢዎች ጭንቀት ያውቁታል።

ኬንያውያኑ በ2015 ዓ.ም. ሰሙነ ሕማማት እንደገና ለመጠበቅ ተቀመጡ። ራሳቸው የነደፏት፣ በቡልጋሪያ የተሠራችው የምድር ቃኚ ሳተላይት ታይፋ 1 ካሊፎርኒያ ሆና፣ በአየር ጠባይ ምክንያት በዚያው ሳምንት ቀኗ ተደጋግሞ ተገፋ። በመጨረሻ የተነሣችው በቅዳም ሹር፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ48 ነው። ቤታችን የዶሮው ሽንኩርት እየተቁላላ፣ ስልኩ ከበርበሬው ዕቃ ጋር ተደግፎ ቆሞ ነበር። ከላይ ፎቅ የሚኖረው የምሕንድስና ተማሪ ሲያልፍ፣ «ምዜ፣ ዛሬስ ይነሣል?» ብሎ በሩ ላይ ቆመ። ሮኬቱ ደመናውን ጥሶ እስኪሰወር ድረስ ሽንኩርቱን ያማሰለ ሰው አልነበረም፤ ጥቂት አረረ።

ከንጎሜኒ መድረክ ዘጠኝ ስካውቶች ከተነሡ በኋላ፣ ከመጋቢት 16 ቀን 1980 ዓ.ም. ወዲህ አንድም ሮኬት አልተነሣም። የባሕር ዳርቻው ጣቢያ ግን ዛሬም ሳተላይቶችን ይከታተላል። ምድር ወገብም ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ከናይሮቢም ሆነ ከአዲስ አበባ የሚነሣ ሳተላይት ፍሎሪዳ፣ ካሊፎርኒያ ወይም ታይዩዋን ድረስ ተጉዞ ተራ የሚጠብቅበት ምክንያት የቦታ እጦት አይደለም። ሁለቱ መንግሥታት መንገድ፣ የኤሌክትሪክ መስመርና ወደብ አብረው ለመሥራት ሲስማሙ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ንጎሜኒን በዚያ ዝርዝር ውስጥ ማስገባት ከጀመሩ፣ እኛ የምንጠብቀው ቀን ሲገፋ ለምን ተገፋ ብለን የምንጠይቀው ሰው ማሊንዲ ላይ ይኖረናል።