የኤጲስ ቆጶሱ በርሜል
የላርች እንጨት፤ 1886 እ.ኤ.አ.
ግሪመንትዝ መንደር፣ አኒቪዬ ሸለቆ፣ ቫሌ ካንቶን፣ ስዊዘርላንድ

የአኒቪዬ ገበሬዎች ከብት የሚያረቡት በተራራው ላይ ቢሆንም፣ የወይን እርሻቸው ታች በሮን ወንዝ ሸለቆ፣ በሲየር ከተማ ዙሪያ ነበር። ወይን ጠጁን ሽቅብ አጓጉዘው በመንደሩ ቀዝቃዛ ምድር ቤት ያስቀምጡት ነበር፤ «የበረዶ ግግር ወይን ጠጅ» የሚባለው ይህ ነው።

በርሜሉ ተሟጦ አይቀዳም፤ ጥቂት ይቀነስና የጎደለው በአዲስ ይተካል። ስለዚህ እያንዳንዱ ብርጭቆ የብዙ ዓመታት ምርት ድብልቅ ነው።

ወይን ጠጁ በቀድሞው ልማድ የሚጠመቀው ሬዝ ከተባለው የአካባቢው ነጭ የወይን ዝርያ ነበር። ሬዝ በ1313 እ.ኤ.አ. በተጻፈ የአኒቪዬ ሰነድ ውስጥ ተጠቅሷል። ዛሬ ዝርያው የሚገኘው በጥቂት ሄክታር መሬት ላይ ብቻ ነው።