የካርታ ጨዋታና የሚዛን ጥያቄ

ነባሩ የካርታ ጨዋታ የቆመው በአንድ የጋራ መሠረት ላይ ነው። ይኸውም ተጫዋቾች ሁሉ ዕድላቸውን የሚሞክሩት ከአንድ ክምር መሆኑ ነው። ለሀብታሙም ሆነ ለድኻው የሚደርሰው ካርታ ከዚያው ከታወቀው ክምር አይወጣም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1993 በአሜሪካ ለሽያጭ የቀረበው «ማጂክ፦ ዘ ጋዘሪንግ» የተሰኘው ጨዋታ ግን ይህን መሠረት ናደው። በዚህ ጨዋታ እያንዳንዱ ተጫዋች የሚሰለፈው ከገበያ ገዝቶና ከጓደኛው ተለዋውጦ ባደራጀው የራሱ ክምር ነው።

የጨዋታው ፈልሳፊ ሪቻርድ ጋርፊልድ የሒሳብ ሊቅ ነው። የካርታዎቹን ኃይል በነጭ፣ በሰማያዊ፣ በጥቁር፣ በቀይና በአረንጓዴ ቀለማት ከፋፈለ። እያንዳንዱ ቀለም የሚበረታበትም የሚደክምበትም ነገር ስላለው አንዱ ሁሉንም ጠቅልሎ ሊይዝ አይችልም። ከዚህም ሌላ አብዛኛው ካርታ ዋጋ አለው፤ ዋጋውም የሚከፈለው ከ«መሬት» ካርታዎች በሚገኝ «ማና» በሚባል ኃይል ነው። ተጫዋቹ እንደ ደንቡ በአንድ ተራ ከአንድ መሬት በላይ ስለማይዘረጋ፣ ደካማው ካርታ ቀድሞ ብርቱው ዘግይቶ ይመጣል። የጨዋታው ሚዛንም ሆነ ጣዕሙ የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

ይሁን እንጂ ሚዛኑ ውሎ ሳያድር ተፈተነ። «ብላክ ሎተስ» የተባለው ካርታ ያለ አንዳች ክፍያ ሦስት ማና ይሰጥ ነበር። ይህን የያዘ ተጫዋች በመጀመሪያው ተራ የአራተኛውን ተራ ኃይል ያገኛል ማለት ነው። ጋርፊልድ ተጫዋቾች ጥቂት ካርታ ብቻ ይገዛሉ፣ ብርቱው ካርታም ብርቅ ስለሚሆን በአንድ ሰው እጅ አይከማችም ብሎ ገምቶ ነበር። ገዢው ግን በሣጥን እየገዛ ይከምር ጀመር። አንድን ካርታ ደጋግሞ መያዝን የሚከለክል ደንብ ስላልነበረም፣ በብልኃት መለካት የነበረበት ውድድር በኪስ መለካት ጀመረ።

እርምቱ የመጣው በሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1994 ለውድድር የሚቀርብ ክምር ከ60 ካርታ እንዳያንስ፣ አንድ ዓይነት ካርታም ከ4 እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ «ብላክ ሎተስ»ን የመሳሰሉት ደግሞ በ1 ብቻ ተገደቡ። በ1995 የቅርብ ጊዜ ዕትሞች ብቻ የሚፈቀዱበት የውድድር ዓይነት ተጀመረ። ይህ ለአዲስ ገቢው በር ቢከፍትም አሮጌው ካርታ ከሜዳ በወጣ ቁጥር ሌላ መግዛትን አስከተለ። ከሁሉ ይልቅ ወደ ጥንቱ እኩልነት የሚቀርበው፣ ተጫዋቾች ያልተከፈቱ እሽጎችን በአንድ ገበታ ከፍተው አንድ አንድ ካርታ እየመረጡ ቀሪውን ለጎረቤታቸው የሚያቀብሉበት ዘዴ ነው። በዚህ ሁሉም ባዶ እጁን ይቀመጣል፤ የሚለየውም ምርጫው ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንገነዘበው ብርቅነት የፍትሕ ምትክ ሊሆን አለመቻሉን ነው። ጨዋታም እንደ ማናቸውም የጥበብ ሥራ ከፈጣሪው እጅ ወጥቶ ሕዝብ መሐል ሲገባ ነው ጉድለቱ የሚታወቀው። የፈጣሪው ትልቅነትም ጉድለቱን ባለመሸሸግና ሥራውን በማረም ይለካል።