የሆላንድ ሕዝብ ከባሕር ጋራ ያደረገው ሙግት

በሰሜን ባሕር ዳር ካለችው ከሆላንድ ምድር አራተኛው እጅ ያህል የተኛው ከባሕር ወለል በታች ነው። ይህን የሰማ ሰው ሕዝቡ እንደ ምን ይኖራል ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

በጥንት ዘመን የዳርቻው ሰዎች ዐፈር እየቈለሉ ጕብታ ይሠሩና ከነከብታቸው በዚያ ላይ ይኖሩ ነበር። ማዕበል በመጣ ጊዜ ሜዳው ሁሉ ሲሰጥም ጕብታው እንደ ደሴት ሆኖ ይቀራል። ከ1000 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ግን (በዚህ ጽሑፍ ያለው የዓመት ቍጥር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) መንደርን ከመንደር የሚያያይዝ ረዥም የዐፈር ግድብ መሥራት ተጀመረ። ጕብታ የአንድ ቤተ ሰብ ሥራ ነው፤ በግድብ ላይ ግን አንዱ ድርሻውን ቢያጓድል የጎረቤቶቹ ልፋት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ በ13ኛው መቶ ዓመት የውኃ ሸንጎዎች ተቋቋሙ። ሹሞቻቸው ግድቡን እየዞሩ ይመረምራሉ፥ ያጓደለውንም ይቀጣሉ። ከልማዳቸው አንዱ የአካፋ ሕግ ነው። የግድቡን ድርሻ ማደስ ያቃተው ባለ ርስት አካፋውን በግድቡ ላይ ተክሎ አገሩን ለቆ ይሄዳል፤ አካፋውን የነቀለ ሰው ርስቱን ከነዕዳው ይወርሳል። ርስቱን የሚወድ የእኛ አገር ሰው ይህን ፍርድ ጨካኝ ነው ማለቱ አይቀርም፤ ነገር ግን ለአንዱ ሲታዘን ብዙው እንዳይሰጥም የተሠራ ፍርድ ነው።

ይህን የመሰለ ሥርዓት እያላቸውም ዋናውን ሥራ ሁልጊዜ የሚጀምሩት ከጥፋት በኋላ ነበር። መሐንዲሱ ኮርኔሊስ ሌሊ ደቡብ ባሕር የሚባለውን ሰፊ የባሕር ክንድ በግድብ ለመዝጋት ንድፉን በ1891 አውጥቶ ነበር። ወጪው በዝቶባቸው ሲያመነቱ በ1916 ማዕበሉ መጣ፤ ሕጉ በ1918 ወጣ። 32 ኪሎ ሜትር የሚሆነውም ግድብ በ1932 ተዘጋ። ሌሊ ግን ከዚያ አስቀድሞ በ1929 ዐርፎ ነበርና ፍጻሜውን አላየም።

በደቡብ ምዕራብ በኩልም ይኸው ነገር ተደገመ። ዮሐን ፋን ፌን የሚባል መሐንዲስ ግድቦቹ ዝቅተኛ መሆናቸውን ለክቶ ለመንግሥት አስታውቆ ነበር። ከጦርነቱም በኋላ አገሩ የፈረሰውን ቤትና ወደብ በማደስ ተይዞ ስለ ነበር ነገሩ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። በ1953 ጥር 31 ለየካቲት 1 አጥቢያ፥ በእኛ አቈጣጠር ጥር 24 ቀን 1945 ዓ.ም. ሌሊት፥ ብርቱ የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ከባሕሩ ሙላት ጋራ ገጠመ። ራዲዮ በሌሊት አይናገርም ነበርና ብዙው ሰው እንደ ተኛ ውኃው ደረሰበት። በሆላንድ 1,836 ሰዎች ሞቱ፤ 72,000 የሚሆኑም ከቤታቸው ወጡ። በዚያች ሌሊት አሪ ኤፌግሩን የሚባል የጀልባ አዛዥ ግድቡ በተነደለበት ስፍራ ጀልባውን አግድም አስገብቶ ቀዳዳውን በመድፈኑ፥ ከኋላው ያለው ብዙ ሕዝብ የሚኖርበት ዝቅተኛ አገር ተረፈ። መንግሥቱም ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የመሐንዲሶች ጉባኤ ሰበሰበ፤ ፋን ፌንም ጸሓፊው ሆነ።

ጉባኤው የባሕር ክንዶቹ ጥቂቶቹ ብቻ ሲቀሩ ሌሎቹ ሁሉ እንዲዘጉ ወሰነ፤ ሕጉም በ1958 ጸደቀ። ነገር ግን ኦስተርስኼልዴ በሚባለው ክንድ ዳር ያሉት ዓሣ አጥማጆች፥ ጨው ውኃው ከተዘጋ እንጀራችን ይጠፋል ብለው ተነሡ፤ ስለ አዕዋፉና ስለ ዓሣው የሚቈረቈሩም ሰዎች ተባበሯቸው። እነዚህ ሰዎች መሐንዲሶቹን አሳፈሩ ማለት ሳይሆን የተሻለ ነገር አሳሰቧቸው ማለት ይገባል። ምክሩ ተለውጦ፥ በዘወትር ቀን ክፍት ሆነው ማዕበል ሲመጣ ብቻ የሚወርዱ 62 የብረት መዝጊያዎች ተሠሩ፤ በ1986ም ተመረቁ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ የ2008ቱ ሥራ ነው። በዚያ ዓመት ማዕበል አልመጣም፥ ማንም አልሰጠመም፤ ነገር ግን የምድር ሙቀት እየጨመረ የባሕሩ ወለል ከፍ ማለቱ ስለ ታወቀ፥ ኬስ ፌርማን የሚመራው ጉባኤ መከረ። የመሬቱም መስመጥ ተጨምሮ ባሕሩ እስከ 2100 ድረስ ከ65 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ከ30 ሊጨምር እንደሚችል አስቦ አገሩ እንዲዘጋጅ አሳሰበ። ሕጉ ከ2012 መጀመሪያ አንሥቶ ሥራ ላይ ዋለ፤ ለዚሁ የተለየ ገንዘብና አንድ ኃላፊ ሹም ተመደበለት። የውኃ ሸንጎዎቹም ቍጥራቸው ቢያንስም ዛሬ አሉ፤ አባሎቻቸውን ሕዝቡ ይመርጣል፥ ግብራቸውንም ራሱ ይከፍላል። የሥራውም ዕቅድ በየዓመቱ በመስከረም ወር ከመንግሥቱ በጀት ጋራ ለምክር ቤት ይቀርባል።