የመቅደላ መጻሕፍት በሎንዶን መታተምና የባለቤቶቹ ፈቃድ

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር በቡሹሎ የሲዳማ አረጋውያንን ቃል ጽፎ ለማሳተም የሚነሣ ተማሪ አስቀድሞ ፈቃዱን ከማን እንደሚቀበል ማሰብ ይገባዋል፤ ተናጋሪው አንድ ሰው ቢሆንም ንግግሩ ከአባቶች የተወረሰ የማኅበር ሀብት ነውና። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1647 ጀምሮ ስለ ድርሰት ባለቤትነት ደንግጎ ነበር፤ የ1996 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 410ም ደራሲው በሕይወት ሳለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት መብቱ እንዲጠበቅ ሲያዝ፣ ሁለቱም በመጀመሪያ የሚያስቡት ስሙ የታወቀውን ደራሲ ነው። የማኅበር ጽሑፍ ማኅበሩ ሳይጠየቅ ሲታተም የሚደርሰውን ለመረዳት የመቅደላን መጻሕፍት ታሪክ መመልከት ይጠቅማል።

ዓፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ዘረፈ። ምርኮው በ15 ዝሆንና 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ ተሸጠ። ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ ብዙ የብራና መጻሕፍት ስለ ገዛ፣ 350 ያህሉ ወደ ሙዚየሙ ገቡ፤ ሌሎቹ በመኮንኖች እጅ ተበተኑ። እርግጥ ነው፣ ንጉሠ ነገሥቱም ቢሆኑ ከመጻሕፍቱ ብዙዎቹን ያመጧቸው በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ዘርፈው ነበር፤ የጎንደርንም ካህናት ፈቃድ የጠየቀ አልነበረም።

በአገራችን የብራና ሥርዓት መጽሐፍን መገልበጥ ነውር አልነበረም፤ እንዲያውም እንደ ጽድቅ ሥራ ይቈጠር ነበር። የተከለከለው ሌላ ነው። በብዙ መጻሕፍት መጨረሻ የጸሐፊው ስም፣ ያስጻፈው ሰው ስምና የተሰጠበት ቤተ ክርስቲያን ይመዘገባል፤ ቀጥሎም መጽሐፉን የሰረቀ ወይም ስሙን የፋቀ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ይወገዛል። እንግዲህ ማኅበሩ ቅጂውን ሲፈቅድ የባለቤቱን ስምና የመጽሐፉን ማደሪያ ግን አጥብቆ ይጠብቅ ነበር ማለት ነው።

ከመቅደላ የወጡ ጥቂት መጻሕፍት ሌዲ ሚውክስ ከተባለች ባለጸጋ የእንግሊዝ ሴት እጅ ገቡ። እርስዋም ወጪውን ችላ፣ የሙዚየሙ ሊቅ ዋሊስ በጅ የመብዓ ጽዮንንና የገብረ ክርስቶስን ገድል በ1890 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1898)፣ ተአምረ ማርያምንና የሐናን ታሪክ በ1892 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1900) ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር አሳተመ። የመጀመሪያው መጽሐፍ የታተመው በ300 ቅጂ ብቻ ነበር። መጻሕፍቱም «የሌዲ ሚውክስ የእጅ ጽሑፍ» በሚል ስም ተራ ቍጥር ተሰጣቸው። ያስጻፉት፣ የጻፉትና ያነበቡት ሰዎች የነበሩበት የቤተ ክርስቲያን ስም በሰብሳቢዋ ስም ተተካ።

ስለ በጅ ሲነገር ድካሙን መካድ አይገባም፤ ግእዙን ለሊቃውንት ያደረሰ እርሱ ነው፤ በዘመኑ ሕግም የሚከሰስበት ነገር አልነበረም። ነገር ግን በእኛ አስተያየት ጥፋቱ ማሳተሙ ሳይሆን፣ የታተመው ነገር ለባለቤቶቹ ሳይደርስ መቅረቱና ስማቸው መጥፋቱ ነው። ባለቤቶቹ አይታወቁም ነበር እንዳይባል፣ ዓፄ ዮሐንስ አስቀድመው በ1864 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1872) ለንግሥት ቪክቶሪያ ጽፈው ክብረ ነገሥትን አስመልሰዋል። የጠየቁትም ቃሉን በሌላ ቅጂ አጥተውት አይደለም፤ ያ መጽሐፍ ከሌለ ሕዝቡ አይታዘዘኝም ብለው ነው። ሙዚየሙም ሁለት ቅጂ ስለ ነበረው አንዱን መለሰ።

ሌዲ ሚውክስ በ1903 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1910) ስትሞት መጻሕፍቱን ለዓፄ ምኒልክ ተናዝዛ ተገኘች። ኑዛዜው ግን ተሽሮ መጻሕፍቱ ለአሜሪካዊው የጋዜጣ ባለሀብት ለዊልያም ራንዶልፍ ኸርስት ተሸጡ። ለመሻሩ የተሰጠው ምክንያት ንጉሠ ነገሥቱ ሞተዋል የሚል ነበር፤ ዓፄ ምኒልክ ግን ያረፉት ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ነው።