ነቀዝና የጥርስ ሥር፤ በአማኑኤል ሰፈር ስለ ጥርስ ሕመም አያያዝ ታሪክ አጭር ጥናት

ጥርሱ የተቦረቦረበት ሰው በአማርኛ «ጥርሴ ነቀዘ» ይላል። ነቀዝ ማለት በጎተራ ያለውን እህል ከውስጥ እየቦረቦረ ቅርፊቱን ብቻ የሚያስቀር ተባይ መሆኑ የታወቀ ነው። በመርካቶ እህል በረንዳ ነጋዴው ስንዴውን በመዳፉ ዘግኖ የሚመረምረው፣ ከላይ ሲታይ ደኅና የሚመስለው ፍሬ ውስጡ ባዶ ሊሆን እንደሚችል ስለሚያውቅ ነው። አባቶቻችን ይህንኑ ቃል ለጥርስ መስጠታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነውም ይህ አሳብ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ፣ ዛሬም «የጥርስ ሥር ሕክምና» ወይም በተለምዶ «የነርቭ ሕክምና» ስለሚባለው ሥራ ሕመምተኛው ሊያውቀው የሚገባው ምን እንደ ሆነ ነው።

የአማኑኤል ሰፈር ታሪክ ከገበያው ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በኢጣልያ ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ወራሪው መንግሥት ነጮችንና ኢትዮጵያውያንን ለያይቶ ለማስፈር ባወጣው ፕላን መሠረት፣ ያገሬው ሰው ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ተነሥቶ ወደ አዲስ ከተማ ተዛወረ። አማኑኤል ሆስፒታልም የተቋቋመው በዚያው ዘመን ሲሆን፣ የአእምሮ ሕሙማን መታከሚያ በመሆኑ የሰፈሩ ስም በአገሩ ሁሉ ከዚህ ሕመም ጋር ተያይዞ ይነሣል። በጥርስ ነገር የሰፈሩን ስም የሚያነሣ ግን አላጋጠመንም። ይሁን እንጂ ከየአውራጃው ሰው የሚገናኝበት ገበያ እንደ መሆኑ መጠን፣ የየአገሩ የጥርስ መድኀኒትም አብሮ የተገናኘው እዚሁ ነው።

ይህ ባህላዊ አያያዝ በሦስት ሊከፈል ይችላል። የመጀመሪያው መጠበቅ ነው። ለዚህም የወይራና የክትክታ መፋቂያ ያገለግላል፤ እስከ ዛሬም በመርካቶ መንገድ ላይ እየዞሩ የሚሸጡት አሉ። ሁለተኛው ማስታገሥ ነው። ከቅመም ነጋዴ የተገዛ ቅርንፉድ በታመመው ጥርስ ላይ ይነከሳል፤ ነጭ ሽንኩርት ይደረጋል፤ አረቄ በአፍ ይያዛል፤ የእምቧይ ፍሬም በፍም ላይ ተደርጎ ጢሱ በአፍ ይታጠናል። ጢሱ የሚታጠነው ጥርሱን የሚበላውን ትል ያወጣል ተብሎ ነው። ሦስተኛውና የመጨረሻው መንቀል ሲሆን፣ ይህም በወጌሻ ጉጠት ያለ ማደንዘዣ ይፈጸም ነበር።

ከሰፈሩ ነዋሪዎች አንዲት አሮጊት ስለዚሁ አጫውተውናል። «እማማ፣ ታዲያ በጢሱ ዳኑ ወይ?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ «አዎን ልጆቼ፤ ሦስት ሌሊት አላስተኛኝም፤ በአራተኛው ቀን ዝም አለልኝ። በዓመቱ ግን ጉንጬ አብጦ ጥርሱን አስነቀልኩት። ሌላውም ሌላውም እንዲሁ ሄደ» ሲሉ መለሱልን። በዚህ አጭር ቃል ውስጥ የነገሩ ቍልፍ ሁሉ ይገኛል፤ ከዚህ በታች እንመለስበታለን።

በጥርስ ትል ማመን የኛ አገር ብቻ ነገር አይደለም። በጥንታዊት ባቢሎን በሸክላ ጽላት ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ በአውሮፓም ለብዙ መቶ ዓመታት የጸና እምነት ነበር። በአውሮፓ የሚያጥኑት ባንጅ የተባለውን ተክል ዘር ሲሆን፣ ዘሩ በእሳት ሲፈነዳ ከውስጡ የሚወጣው ነጭ ፍሬ ትል መስሎ ስለሚታይ ሕመምተኛው ትሉ ወጣልኝ ብሎ ይሄድ ነበር። ፒየር ፎሻር የተባለው ፈረንሳዊ የጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1728 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ትል ፈልጎ እንዳላገኘው ጻፈ። ከዚያም በበርሊን ያስተምር የነበረው አሜሪካዊ ዊሎቢ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1890 ባወጣው ሥራው፣ በአፍ ውስጥ ያሉ በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት ስኳርና ስታርች ያለበትን ምግብ ወደ አሲድ እንደሚለውጡና ጥርስን የሚቦረቡረው ይህ አሲድ እንደ ሆነ አስረዳ። እንግዲህ ትል ባይኖርም የሚበላ ሕይወት ያለው ነገር አለ። «ነቀዝ» የሚለው ቃላችን ከእውነቱ የራቀ አልነበረም ለማለት የምንደፍረው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ አሮጊቷ ቃል እንመለስ። በጥርስ መካከል ነርቭና የደም ሥር ያለበት ለስላሳ ሥጋ አለ። ነቀዙ እዚያ ሲደርስ ሥጋው ይቈጣል፤ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣው ሕመም ይህ ነው። ጥርስ ግን እንደ ጉንጭ ማበጥ አይችልምና ግፊቱ በርትቶ ሥጋው ይሞታል። በሞተም ጊዜ ሕመሙ በድንገት ዝም ይላል። ጢሱ፣ አረቄውና ጸሎቱ የተመሰገኑት በዚች ሰዓት ነው። ነገር ግን ዝም ያለው ነርቩ እንጂ በሽታው አይደለም፤ ሕዋሳቱ በሞተው ሥጋ ውስጥ ተራብተው በሥሩ ጫፍ ወደ መንጋጋ አጥንት ይወርዳሉ፤ ወራት ወይም ዓመት ቆይቶም መግልና እብጠት ይመጣል። ሕመሙ መጥፋቱ መዳን መስሎ መታየቱ የብዙ ሰው ጥርስ የጠፋበት ትልቁ ስሕተት ነው እንላለን።

የጥርስ ሥር ሕክምና የሞተውን ወይም የማይድነውን ሥጋ አውጥቶ ጥርሱን በቦታው የማቆየት ጥበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1838 ኤድዋርድ ሜናርድ የተባለ አሜሪካዊ የሰዓት ስፕሪንግ አሹሎ ሥሩን የሚጠርግበት መሣሪያ እንደ ሠራ ይነገራል። በ1864 ሳንፎርድ ባርነም ምራቅ ወደ ጥርሱ እንዳይገባ የሚከላከል ስስ ጎማ መዘርጋትን አስለመደ። ጉታ ፔርካ የተባለው ከማላያ ዛፍ የሚገኝ እንደ ጎማ ያለ ነገርም በዚያው ክፍለ ዘመን የሥር መሙያ ሆነ። በ1895 ራጅ ተገኘ፤ ከ1905 ጀምሮም ኖቮካይን የተባለው ማደንዘዣ ሥራ ላይ ዋለ።

ይሁን እንጂ የእውቀት መንገድ ቀጥ ያለ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1910 ዊልያም ሀንተር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በሞንትሪያል ባሰማው ንግግር፣ በታመመ ጥርስ ላይ የሚሠራው ሥራ መርዝ በሰውነት እንዲሰራጭ ያደርጋል ሲል ነቀፈ። ከዚህ በኋላ ለብዙ ዓመታት በአሜሪካና በአውሮፓ ሊድኑ የሚችሉ ጥርሶች በብዛት ተነቀሉ። ስለዚህ ወጌሻውን ለመንቀፍ የሚቸኵል ተማሪ፣ የተማሩት ሐኪሞችም በጉጠት መፍረዳቸውን ሊያስታውስ ይገባል። ነገሩ በማያሻማ ሁኔታ የታየው እ.ኤ.አ. በ1965 ካኬሃሺና ባልደረቦቹ ባደረጉት ምርመራ ነው፤ ይኸውም ከሕዋሳት ንጹሕ ሆነው ያደጉ አይጦች ጥርሳቸው ቢቦረቦርም ውስጡ ሲድን፣ የሌሎቹ አይጦች ግን ሞተ።

በአገራችን ዘመናዊ ሕክምና የገባበት መንገድ የታወቀ ነው። በ1888 ዓ.ም. የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ ደረሱ፤ በ1902 ዓ.ም. ምኒልክ ሆስፒታል ተቋቋመ፤ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የጎንደሩ ኮሌጅ ሲጀመር ያሠለጠናቸው ጤና መኰንኖች፣ የኅብረተሰብ ነርሶችና የጤና ጥበቃ ባለሙያዎች ነበሩ፤ የጥርስ ሐኪሞች አልነበሩም። ወረርሽኝና የእናቶች ሞት በበዛበት አገር ጥርስ ወደ ኋላ መቅረቱ አያስገርምም። የሐኪሙ ቍጥር አነስተኛ፣ የሕመምተኛው ሰልፍ ረዥም በሆነበት ስፍራ ደግሞ ባንድ ቀጠሮ የሚያልቀው መንቀል፣ ራጅና ብዙ ሰዓት ከሚጠይቀው የሥር ሕክምና ይልቅ ርካሽና ፈጣን ነው። ስለዚህ ጉጠቱ ከወጌሻው እጅ ወደ ሐኪሙ እጅ ቢያልፍና ማደንዘዣ ቢጨመርም፣ ፍርዱ ለብዙው ሰው ያው መንቀል ሆኖ ቆየ።

ከዚህ ቀጥሎ ሕመምተኛው ሊያውቀው የሚገባውን ባጭሩ እናስረዳለን። ሥራው በማደንዘዣ መርፌ ስለሚከናወን የሚፈራውን ያህል አያምም። ሐኪሙ ጥርሱን ከላይ ከፍቶ ሥሩን በቀጫጭን ሞረዶች ይጠርጋል። የፊት ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦይ ሲኖረው የመንጋጋ ጥርስ ሦስት ወይም አራት ይኖረዋል፤ ስለዚህ ሥራው ሁለትና ሦስት ቀጠሮ ሊፈጅ ይችላል። የሚታጠብበት ፈሳሽ እናቶቻችን ለልብስ ከሚያውቁት በረኪና ጋር አንድ ዘር ነው፤ ይህን ማንም በቤቱ እንዳይሞክረው እናሳስባለን። ለጊዜያዊ መሙያ ከሚያገለግሉት አንዱም የሚሠራው ከቅርንፉድ ዘይት ነው፤ የቅመም ነጋዴውና ሐኪሙ እዚህ ላይ ይገናኛሉ።

ከሥራው በኋላ ለጥቂት ቀን ሲያኝኩ መጠነኛ ሕመም መሰማቱ የተለመደ ነው። ጊዜያዊውን መሙያ ይዞ ቀጠሮ መተው ግን ድካሙን ሁሉ ከንቱ ያደርጋል። የታከመ የመንጋጋ ጥርስ በቀላሉ ሊሰነጠቅ ስለሚችል ብዙውን ጊዜ መሸፈኛ ያስፈልገዋል፤ ዋጋውን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። የጸረ ሕዋስ ኪኒን ብቻውን አያድንም፤ በሞተው ጥርስ ውስጥ መድኀኒቱን የሚያደርስ ደም የለምና። እስከ ሥሩ የተሰነጠቀ ጥርስ ደግሞ መነቀሉ ትክክል ነው። ከእብጠቱ ጋር ትኩሳት ቢኖር፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ቢያስቸግር ግን ነገሩ የጥርስ ብቻ ሳይሆን የሕይወት ነውና ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል መሮጥ ያስፈልጋል።

«በሽታውን የደበቀ መድኀኒት አይገኝለትም» ይባላል። በጥርስ ነገር ግን በሽታው ራሱ ይደበቃል፤ ዝም ብሎ ይደበቃል። የእህል በረንዳ ነጋዴ ስንዴው ደኅና መሰለ ብሎ አይገዛም፤ ሰብሮ ያያል። እኛም ሌሊቱን ሲያመን ያደረ ጥርስ በማለዳ ዝም ቢል፣ ዳንኩ ብለን ከመተው ይልቅ በዚያው ቀን ለማስመርመር ብንሄድ፣ ከአሮጊቷ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ይኸው ነው።