ለጊ፣ አውራ ግጥሚያ፣ መቶ መድፈን

«የሌሊት ወፍ ተጫዋቹ በአንደኛ ደረጃ ክሪኬት 117 ክፍለ ዘመናት አስቆጠረ» የሚል ዓይነት አማርኛ አይቶ ዝም ማለት አይቻልም። ማሽን ተርጉሞት ሰው ሳያርመው የሚለቀቅ የስፖርት ወሬ በዝቷል፤ ቃላቱም ቀስ በቀስ ወደ ጋዜጠኛው አፍ እየገቡ ነው። ሊባል የተፈለገው ቀላል ነገር ነበር፤ አውስትራሊያዊው ዶን ብራድማን በአንድ ተራ መቶና ከዚያ በላይ ሩጫ ያስቆጠረው 117 ጊዜ ነው።

ማሽኑ የሌሊት ወፍ ያደረገውን «ባት»፣ ማለትም እንጨቱን፣ ይዞ ኳስ የሚመታውን ምን እንበለው? «ባትስማን» ብሎ መተው ስንፍና ነው። «ዱለኛ» ጠብ ጠብ ይሸታል። «መቺ» አይከፋም፣ ግን ከበሮም ይመታል፣ ሰውም ይመታል። የገና ጨዋታ ግን ቃሉን ከጥንት ጀምሮ አስቀምጦልናል። ሜዳ ላይ ጥንጓ በቆልማማው ዱላ ትለጋለች፤ መለጋትን የማያውቅ የገጠር ልጅ የለም። እንግዲህ ሰውየው ለጊ ነው። ሴቲቱም ለጊ ናት። እንግሊዞቹ ወንድንም ሴትንም የሚጠራ ቃል የተቀበሉት ዘግይተው ነው፤ የጨዋታውን ሕግ የሚጠብቀው የሜሪልቦን ክሪኬት ክለብ ወንድን ብቻ የሚጠራውን «ባትስማን» በ«ባተር» የተካው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው።

«ፈርስት ክላስ» የባሰ ተበላሽቷል። «አንደኛ ደረጃ» ሲባል ለአማርኛ ሰሚ የሚታየው ከሁለተኛ ደረጃ በታች ያለ ትምህርት ቤት ነው፤ ትርጉሙ ተገለበጠ ማለት ነው። «አንደኛ ማዕረግ» ደግሞ የባቡርና የአውሮፕላን መቀመጫ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1947 በወጣው ብያኔ መሠረት ነገሩ አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ሆነው ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ የሚጫወቱት ግጥሚያ ነው። አውራ ጎዳና፣ አውራ ጣት፣ አውራ ዶሮ እንላለን፤ አውራ ግጥሚያ ማለት ለምን ይከብደናል?

«ካሪየር»ን «የሙያ ሕይወት» ማለትም ልክ አይመስለኝም። ሙያ ጨዋታ ሲያቆሙ አብሮ አይቆምም። በተጫዋችነት ዘመኑ ማለትን ለምደነዋልና የለጊነት ዘመን ይበቃል።

«ሴንቸሪ» ደግሞ ክፍለ ዘመን አይደለም። አማርኛ ሃምሳ ዓመት ደፈነ፣ መቶ ደፈነ ይላል። ሙሉነቱም ጉድለቱም እዚያው ቃሉ ውስጥ አለ።

አሁን ቃላቱን እንሞክራቸው። የብራድማን የለጊነት ዘመን እ.ኤ.አ. ከ1927 እስከ 1949 ነው። በ234 አውራ ግጥሚያ 28,067 ሩጫ አስቆጠረ፤ በተሰናበተ ቁጥር አማካዩ 95.14፣ መቶ የደፈነው 117 ጊዜ። በአገሮች መካከል በሚደረገው የቴስት ግጥሚያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1948 ለንደን ኦቫል ሜዳ ለመጨረሻ ተራው ሲገባ፣ አራት ሩጫ ቢያገኝ አማካዩ መቶ ይደፍን ነበር። እንግሊዛዊው ኤሪክ ሆሊስ የወረወራት ሁለተኛ ኳስ አሰናበተችው፤ አማካዩም 99.94 ላይ ቀረ። ይህ ሁሉ ከ«ቴስት» በቀር አንድም የእንግሊዝኛ ቃል ሳያሻው ተነገረ።

የስፖርት አዘጋጆች ሆይ፣ ማሽኑ የሰጣችሁን ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ከ«ለጊ» የተሻለ ቃል ያለው ያምጣና እንነጋገርበት።